ባለ ሁለት ቁልፏ መሐንዲስ

ዜናውን የነገረኝ የባጃጅ ነጂ ነው። ከወረታ ገበያ ወደ ቤቴ ሲመልሰኝ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚለያዩበት ቦታ ሩዝ የጫነ መኪና መንገዱን ዘጋብን። ቆመን ሳለ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ «መሐንዲሷ እኮ ሄደች፤ ዛሬ ማለዳ መናኸሪያ ያደረስኋት እኔ ነኝ» አለኝ።

«ምን አለችህ?»

«ምን ትላለች! ‹የኋላው ጎማህ ተበልቷል፤ ክረምት ሳይገባ ቀይረው› አለችኝ። አሜሪካ የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው የሚሰናበተው?»

መሄዷ የማይቀር መሆኑን ዐውቅ ነበር። ቀኑን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔም ጭምር። ስንብት አትወድም። እኔ ደግሞ ስለ ሰው ስናገር ቃልን መመጠን የለመድሁ ነኝ። በወጣትነቴ ከዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቄ ዕድሜዬን በዳኝነት ወንበር ላይ ስላሳለፍሁ፣ «የማልረሳው» የሚለውን ቃል በቀላሉ ለማንም አልሰጥም። ለኢንጂነር ውባለም ግን እሰጣለሁ፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ውባለም ከአንበሳሜ ወጣ ብላ ካለች መንደር የተወለደች የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። በእኛ ዘንድ የእጅ ሙያ ያለው ሰው፣ ጎረቤቱ ያለ እርሱ መኖር ሳይችል፣ ሲታማ እንደሚኖር አንባቢ ያውቃል። እርሷ ሐሜቱን አትጠብቅም ነበር። ከማያውቃት ሰው ጋር ስትቀመጥ አስቀድማ፣ «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» ትላለች። ያን ጊዜ የሚሸማቀቀው ሌላው ሰው ነው። በውጭ አገር የውኃ ምሕንድስና ተምራ የተመለሰች፣ የመለኪያ መሣሪያም የነበራት ሴት፣ አፈር ስትመረምር ግን ሁልጊዜ በእናቷ መንገድ ትጀምራለች። ቁንጣሪ ታነሣለች፣ በምራቋ ታርሰዋለች፣ በመዳፏ መካከል እንደ ፈትል ታሾረዋለች፤ በመጨረሻም ጥቂቱን በጥርሷ ትሞክረዋለች። «አሸዋ ጥርስ ላይ ይናገራል፤ ዋልካ ዝም ይላል» የምትለው አነጋገር ነበራት። ሜዳው ላይ ስትሄድ ቦት ጫማዋን አውልቃ በትከሻዋ ላይ ታንጠለጥላለች። ለምን እንደሆነ የጠየቃትን ሁሉ፣ «ጭቃ ጫማ ይወስዳል፤ እግር ግን ይመልሳል» ትለዋለች።

የተዋወቅነው በአጥሬ ምክንያት ነው። በአንድ የሰኔ ከሰዓት በኋላ ከበር ብወጣ፣ አንዲት አጭር ሴት ከአጥሬ ሥር ቁጢጥ ብላ በዘንግ መሬቱን ትቆፍራለች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አልኋት።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ። ይህን የድንጋይ አጥር ማን ሠራልዎት?»

«ግንበኛ ነዋ።»

«ግንበኛው ጎበዝ ነው። ውኃውን ግን አልጠየቀውም። የላይኛው ጎረቤትዎ ውኃ ወዴት ይሂድ?»

«እርሱን ጎረቤቴ ይወቅ።»

«ጎረቤትዎማ ዐውቋል። ወደ እርስዎ ነው የሚልከው። አጥሩ በነሐሴ ይወድቃል።»

«በምን ማስረጃ?» አልኋት፤ የሙያ ልማድ ነው።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «ነሐሴ ራሱ ይመሰክራል፣ ጋሼ።»

ነሐሴ መሰከረ። አጥሩ ወደ ግቢዬ ተገነደሰ፤ የጎመን መደቤንም ይዞት ሄደ። ሰምታ መጣች፤ «ብዬዎት ነበር» ግን አላለችም። ድንጋዩን እየዞረች ስታይ ቆይታ፣ «ከመገንባትዎ በፊት ጎረቤትዎን ይጥሩት። ቦዩ የሁለታችሁ ካልሆነ የማንም አይሆንም» አለችኝ። ከዚህ ጎረቤቴ ጋር ለብዙ ዓመታት ሰላምታ እንጂ ቃል አልነበረንም። ስጠራው መጣ። ቦዩን አብረን ሠራነው፤ አጥሩም እስከ ዛሬ ቆሟል።

ወረታ የነበራት ሥራ ግን ከአጥር የሰፋ ነበር። የፎገራ ሜዳ ጠፍጣፋ ነው። ርብና ጉማራ ከደጋው ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ መሄጃ ይጠፋቸዋል። ያን ጊዜ ውኃው ይተኛል። መጠኑን ካወቀ ሩዝ ያበቅላል፤ ካላወቀ ቡቃያውን ከነጫፉ ውጦ ያበሰብሰዋል። ውባለም በመንግሥት የውኃ ቢሮ ተቀጥራ የመጣችው የተኛውን ውኃ የሚያስወጡ ቦዮችን ልትቀይስ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ ላይ ጨፌ በሚባል ጎጥ ነበር። ቦዩ ተቆፈረ፤ የላይ ጨፌ ውኃ ወጣ፤ ሕዝቡ በሬ አረደላት። በተከታዩ ክረምት ግን ያ ውኃ ታች ጨፌ በሚባለው ጎጥ ላይ ተኛ። የታች ጨፌ ሩዝ በሰበሰ።

ከሁሉ ይበልጥ የተጎዱት አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ከዘራቸውን ይዘው ወረታ መጡ፤ በቢሮዋ በር ላይም ቆሙ።

«መሐንዲሷ የምትባይው አንች ነሽ?»

«ነኝ፣ አያ።»

«እንግዲያውስ ነይና ሥራሽን እይ።»

ወዲያው ተነሥታ ተከተለቻቸው። በቦታው የነበረ የቢሮው ባልደረባ ኋላ እንደ ነገረኝ፣ ጭኗ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብታ እርሳቸው ነቅለው የሰጧትን የበሰበሰ ቡቃያ አሸተተችው። «ዝናቡ በዛ» ልትል ትችል ነበር። እኔ ከዳኝነት ወንበር ላይ ሆኜ «ዝናቡ በዛ» የሚል መልስ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! እርሷ ግን በቀጣዩ እሑድ፣ ሁለቱ ጎጦች አብረው በሚያስቀድሱባት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመች።

«ቦዩን የቀየስሁት እኔ ነኝ» አለች። «የላይኞችን ውኃ ሳወጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ የታችኞችን አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የቢሮ ሰው እንዲህ ብሎ ሲናገር ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ከኋላ አንድ ሰው፣ «የጭቃ ልጅ ጭቃ አመጣችብን!» አለ፤ ጥቂቶችም ሳቁ። ዞር ያሉት ከሁሉ የተጎዱት አያ ሞላ ናቸው።

«ዝም በል፣ አንተ! ያጠፋ ሰው ‹ጥፋቴ ነው› ብሎ ሲቆም አይተህ ታውቃለህ? እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። ትናገር እንጅ!»

እርሷም በዚያው ዕለት መፍትሔውን አገኘችው። ያገኘችው በመጽሐፍ ውስጥ አይደለም። ሕዝቡ ሲበተን የደብሩ አስተዳዳሪ ቄሰ ገበዝ የምጽዋቱን ሣጥን ሊከፍቱ ሲሉ፣ አንድ ሌላ ሽማግሌ የራሳቸውን ቁልፍ ይዘው ሲመጡ አየች። ሣጥኑ ሁለት ጓጉንቸር ነበረው። የአንዱ ቁልፍ ከካህናቱ ዘንድ፣ የሌላው ከምእመናኑ ዘንድ ይቀመጣል።

«አባ፣ ስላልተማመናችሁ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ኧረ ባክሽ! የምንተማመን ስለሆነ ነው። መተማመናችን እንዲቆይ ብለን ነው እንጅ።»

በዚህ ምክንያት በሁለቱ ጎጦች መካከል ባለው ቦይ ላይ ያስተከለችው የብረት በር እንደዚያ ሣጥን ሁለት ጓጉንቸር እንዲኖረው አደረገች። አንዱን ቁልፍ የላይ ጨፌ የውኃ አባት፣ ማለት ውኃውን እንዲያስተዳድር ጎጡ የመረጠው ሰው፣ ያዘ፤ ሁለተኛውን የታች ጨፌ። በሩን አንዱ ብቻውን ሊከፍት አይችልም፤ ሊዘጋም አይችልም። አንድ ደንብ ጨመረች፦ በሩ ከመነካቱ በፊት የላይኛው ሰው ወርዶ በታችኛው ማሳ ውስጥ ይቆማል፤ የታችኛውም ወጥቶ በላይኛው ማሳ ውስጥ ይቆማል። የሌላውን ውኃ በእግሩ ያልለካ ሰው ቁልፍ አያወጣም።

በመጀመሪያው ክረምት ሁለቱ የውኃ አባቶች በሩ ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ ውኃው እየጨመረ ነበር። እርሷ ግንቡ ላይ ጃንጥላ ይዛ ተቀምጣለች።

«ተናገሪ እንጅ አንች! ይከፈት ወይስ አይከፈት?» ብለው ጮኹባት።

«እኔ ቁልፍ የለኝም» አለች።

ተሰዳደቡ፤ አባት እናት ተጠራ፤ በመጨረሻም ግማሹን ከፈቱት። ሩዙ ተረፈ። በሚቀጥሉት ዓመታት ይህ አሠራር በሜዳው ላይ ከጎጥ ወደ ጎጥ ተስፋፋ።

ከዚያ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ግጭቱ እኛም ዘንድ ደረሰ፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሥራው ቆመ። ያላለቁ ቦዮች እንደተቆፈሩ ቀሩ፤ የቢሮው በር የሚከፈተው ለፊርማ ብቻ ሆነ። ውባለም ደመወዝ እየተቀበለች ሥራ ፈታች። ይህን ያህል የምትተክዝ ሴት ትሆናለች ብዬ አልገመትሁም ነበር። አንድ ቀን ግቢዬ ውስጥ ተቀምጣ፣ «ጋሼ፣ ሰው በስንት ምክንያት እንደሚሰደድ ያውቃሉ? አንዱ ተርቦ፣ አንዱ ፈርቶ። እኔ ግን ሥራ ፈትቼ ነው» አለችኝ። «መሐንዲስ ካልሠራ ይደርቃል። እጄ እየደረቀ ነው።»

አሜሪካ ለመግባት የመረጠችው መንገድ ከሁሉ የሚከብደው ነበር። ቀጣሪ አልነበራትም። ቀጣሪ የሌለው ባለሙያ በራሱ ስም ሊያመለክት የሚችለው፣ ሊሠራው ያሰበው ሥራ ለዚያች አገር ሀገራዊ ጠቀሜታ እንዳለው ካስረዳ ብቻ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ይጠቅማል ማለት አይበቃም፤ ለአንድ አውራጃ ይጠቅማል ማለትም አይበቃም። ጠቀሜታው ለአገሪቱ በሞላ መሆን አለበት። ለዚህ ያላትን ሁሉ አውጥታበታለች፤ ካልተሳካ ሁለተኛ ልትሞክር የምትችልበት አቅም አልነበራትም። ወረቀቶቿን ተሸክማ ወደ እኔ መጣች።

«ማስረጃ እርስዎ ያውቃሉ» አለችኝ።

በእንግሊዝኛ የጻፈችውን የሥራ ታሪክ አነበብሁት። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ አንድም ሰው ግን በውስጡ የለም። ቦዩ ተቆፈረ፤ በሩ ተተከለ፤ ሁለቱ ጎጦች ታረቁ ይላል። መነጽሬን አወለቅሁ።

«ቦዩን ማን ሠራው?»

«ገበሬው ነዋ።»

«ማን ቀየሰው?»

«ቢሮው።»

«ሁለቱን ቁልፍ ማን አሰበው?»

«ከቤተ ክርስቲያኒቱ ነው ያየሁት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አሜሪካኖች ቪዛውን ለቤተ ክርስቲያኒቱ ይስጧት?»

ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። «ጥፋትሽን በዐውደ ምሕረት ስትናገሪ ‹እኔ› ማለት አልከበደሽም» አልኋት።

«ጥፋት የራስ ነው፤ ሥራ የሰው ሁሉ ነው» አለችኝ።

«ይህ መልካም ምግባር ነው፤ በሕግ ፊት ግን ሐሰት ነው። ሁለቱም ባለቤት አላቸው። ‹እኔ› የሚል ቃል የሌለበትን ማመልከቻ ማን ላይ ይወስኑበት?»

ያን ዕለት ሙሉ ስንከራከር ዋልን። «ቀየስሁ» የሚለውን ቃል ለማስጻፍ ጥርስ እንደ መንቀል ነበር። ትሕትናዋ ከልብ ነበር፤ ሥራዋን ልትናገር ስትል ግን ውኃ ላይ እንደ ወደቀ የፀሐይ ብርሃን ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍን ነበር።

ጉዳዩን የያዘችላት የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ አሜሪካ የምትኖር አበሻ ናት፤ ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ በስልክ እንነጋገራለን። ከውጭ አገር መምህራን ከተጻፉት ደብዳቤዎች በተጨማሪ፣ ሥራዋ የጠቀማቸው ሰዎች ቃል እንዲላክ ጠየቀች። ስለዚህ ውባለምና እኔ ወደ ሜዳው ወረድን። ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኒቱ የወይራ ጥላ ሥር ተሰብስበው ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ኋላም እተረጉማለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ሜዳው ምስክርነት አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ሽማግሌዎች ዘንድ፣ የሚመሰክርለትን ሰው ነቀፌታ ሳያስቀድም ወደ ምስጋናው የሚገባ ምስክር፣ የተገዛ ነው ወይም ዘመድ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በድንበር ክርክር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። «እገሌ ንፉግ ነው፤ ለሰው በሬ አያውስም፤ ድንበሩ ግን እስከዚያች ግራር ድረስ የርሱ ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው ቃሉ ይጸናል።

ቄሰ ገበዙ ቀደሙ። «ችኩል ናት። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አፉን ትነጥቃለች። ሥጋ ወደሙ ሲሰጥ ዘንግታ የውኃ ልክ ስታይ አግኝቻታለሁ። ግን ሁለት ጎጥ በገጀራ ሊተላለቅ ሲል በአንድ በር ያስታረቀች እርሷ ናት» አሉ።

አያ ሞላ ተከተሉ። «ሩዜን አጥፍታብኛለች» አሉ። «ልጆቼን የዚያን ዓመት ያበላሁት ወንዛዬ ካለው እኅቴ ቤት እህል ተበድሬ ነው። ይጻፍ።»

«ተጽፏል» አልኋቸው።

«ከዚያ በኋላ ግን ያጠፋችውን ዓይታ ያልሸሸች ሰው እርሷ ብቻ ናት። አሁን በኔ ማሳ ላይ ያለኔ ቁልፍ ውኃ አይገባም። ይህም ይጻፍ።»

ውባለም ዝቅ ብላ መሬቱን ስትጭር ነበር። ፊት ለፊት ከመመስገን ፊት ለፊት መነቀፍ ይቀላት እንደነበር ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ትርጉሙ ከተላከ በኋላ ጠበቃዋ ደወለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ የድጋፍ ደብዳቤ ነው ወይስ ክስ?»

«ምስክርነት ነው» አልኋት።

«‹ሩዜን አጠፋችብኝ› የሚለውን ነው ለመኮንኑ የማቀርብለት? ይህን ሰው ስለ ሥራዋ ጥራት ጠየቅነው እንጂ ስለ በደሏ አልጠየቅነውም እኮ! እባክዎ፣ መጀመሪያውን ይቁረጡት።»

ውባለም ስልኩን ተቀበለችኝ። «ግማሽ ምስክር አልልክም» አለች። «ቁረጪ ካልሽኝ የአያ ሞላ ቃል በሙሉ ይቅር።»

«እንግዲያው ይቅር» አለች ጠበቃዋ፤ ቀረም። ማመልከቻው ያለ አያ ሞላ ሄደ። እንደ ሕግ ሰው የጠበቃዋን ጥንቃቄ አልነቅፍም፤ በእርሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

መልሱ ሲመጣ እንቢታ አልነበረም፤ ለእንቢታ ግን የቀረበ ነበር። ሥራው መልካም መሆኑን ተቀብለዋል፤ ጥቅሙ ከአንድ አካባቢ ያለፈ መሆኑ ግን አልተረጋገጠልንም ይላል። ተጨማሪ ማስረጃ እንድታቀርብ ቀነ ገደብ ሰጧት። ሁሉም ነገር አሁን በምትሰጣቸው መልስ ላይ ተንጠለጠለ።

ጠበቃዋ ሌሎች የውጭ አገር መምህራን እንድትፈልግ፣ ሌላ የጥናት ጽሑፍም እንድትጨምር መከረቻት። ውባለም ወረቀቱን ይዛ ወደ ግቢዬ መጣች፤ በአዲሱ አጥሬ ላይም ተደግፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ድንገት፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ የተሳሳተውን ነገር ነው ስናስረዳ የቆየነው» አለች።

«ማለት?»

«ቦይ መሥራት እችላለሁ ብዬ ነው የጻፍሁት። ቦይ የሚሠራማ በዓለም ሞልቷል! እኔ የማውቀው ነገር፣ የላይኛውን ያዳነ ሥራ የታችኛውን እንደሚያሰጥም ነው። እርሱን ያስተማሩኝ ደግሞ አያ ሞላ ናቸው። በዚያም አገር በትልልቆቹ ወንዞች ዳር አንዱ ከተማ ግንቡን ከፍ ሲያደርግ ውኃው ወደ ማዶው ይሄዳል፤ ማዶኛውም ግንቡን ከፍ ያደርጋል። ግንቡ ያድጋል፣ ጎርፉ ያድጋል። አሜሪካኖች ግንብ አላነሳቸውም። ሁለት ቁልፍ ነው ያነሳቸው።»

«ይህን ጻፊው» አልኋት። «አሁን የነገርሽኝን እንዳለ።»

ጻፈችው። አያ ሞላን ከሁሉ ፊት አስቀደመቻቸው፤ ከነነቀፌታቸው። ቀጥላም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የተማርሁት እኔ ነኝ፤ የሁለቱን ቁልፍ አሠራር የነደፍሁት እኔ ነኝ፤ በወንዞቻችሁ ላይም ልሠራው የምችለው እኔ ነኝ ብላ ጻፈች። ከዚያ በፊት ስንጣላበት የነበረው «እኔ» የሚለው ቃል በአንድ ገጽ ውስጥ እንደ ምሰሶ ተተክሎ አየሁት። አንድም ፊደል አላረምሁም።

ጠበቃዋ አንብባ ስትደውል ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። «ይህን ለምን ከመጀመሪያው አልነገርሽኝም?»

«ቁረጪው አላልሽም?» አለቻት ውባለም።

ተፈቀደ። ከወራት በኋላ ቪዛውም ተከትሎ መጣ። ደስታዋን ልካፈል በሄድሁበት ቀን ግን ሻንጣ ስታዘጋጅ አላገኘኋትም። ግንቦት ነበር፤ በስተ ምሥራቅ ደመናው መቋጠር ጀምሯል። «ይህን ክረምት አልሄድም፣ ጋሼ» አለችኝ። «ከታች ጨፌ በታች ያለው ቦይ አላለቀም። በሩ ላይ ቢጣሉስ? ማን አለ?»

«የቪዛውን ቀነ ገደብ ታውቂያለሽ።»

«ዐውቃለሁ። ግን እንዴት ብዬ ነው የምሄደው?»

ልከራከራት አልፈለግሁም፤ የዚህ ክርክር ዳኛ እኔ አልነበርሁም። «ነገሩን ለባለቤቶቹ ንገሪያቸው» አልኋት። በማግሥቱ ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄድን፤ ከዚያ በእግር። አያ ሞላ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው የቦዩን ደለል እየጠረጉ አገኘናቸው። ስታያቸው ጫማዋን አውልቃ ልትገባ ስትል በአካፋቸው መንገዱን ዘጉባት።

«አንች! አልሄድሽም እንዴ?»

«ይህን ክረምት እዚሁ እሆናለሁ፣ አያ።»

«ምነው? ከለከሉሽ?»

«አልከለከሉኝም። ክረምቱ ሲመጣ ጥያችሁ...»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ። አካፋውን ተከሉና ተደገፉት። «እኔ ስመሰክርልሽ፣ ያለ አንች ቦዩን መጥረግ አንችልም ብያለሁ?»

«አላሉም።»

«ዳኛው ጽፈውት ይሆን?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አልጻፍሁም» አልኋቸው።

«እንግዲያስ ስሚኝ፣ ልጄ። አንች ከሌለሽ የማይሠራ በር ከሆነ፣ ድሮውንም በር አልሠራሽልንም። ሠርተሽልን ከሆነ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጅ! ሥራ አለብን።»

ጎረቤቶቻቸው ሳቁ። አንዱም ከቦዩ ውስጥ ሆኖ፣ «ስትሄጅ ጫማሽን አድርጊ፤ እዚያ ሀገር በባዶ እግር አያስገቡም አሉ» አላት። ውባለም ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የአያ ሞላን ጉልበት ሳመች፤ እርሳቸው በጭቃ እጃቸው ራሷን ነኩና ወዲያው ወደ አካፋቸው ተመለሱ። ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ባጃጅ ነጂው ያን ዜና ነገረኝ።

ክረምቱ እንደ ወትሮው ገባ። ርብ ሞላ፤ ጉማራም ሞላ። በታች ጨፌ ውኃው ከልክ አልፎ በነበረበት ሰሞን እኔ ራሴ ወርጄ ነበር። ሁለቱ የውኃ አባቶች በበሩ ላይ ቆመው፣ አንዱ የሌላውን አባት እየጠራ፣ ሲሰዳደቡ ደረስሁ። ከዚያም ቁልፋቸውን አወጡ።

መስከረም ሲጠባ ስልኬ ጮኸ። ውባለም ነበረች። ስለ ጤናዬ ጠየቀች፤ ስለ አጥሬም ጠየቀች። ስለ አሜሪካ ምንም አልተናገረችም።

«ታች ጨፌ እንዴት ናት?»

«ሩዙ አሽቷል።»

«ውኃው አልመጣም?»

«መጥቶ ነበር።»

«በሩን ማን ከፈተው?»

«ሁለቱም።»

«ተጣሉ?»

«ተሳደቡ፤ አልተጣሉም።»

«ክረምቱን ሙሉ ስልኬን ከእጄ አላወጣሁም፣ ጋሼ። ይደውሉልኛል ብዬ። አንድም ሰው አልደወለልኝም።»

«የሚደወልበት ነገር አልነበረም፣ ልጄ።»

«እሰይ» አለች።

ስልኩን ግን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም።